የሰውነት ሚዛንና የአንድ ሰው ጤና
(በላምበረት በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከጤና ንዑስ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ የኛ ንዑስ ኮሚቴ ተራ ሲደርስ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ክትባት ወይም ስለ ውኃ አያያዝ አጠር ያለ ቃል አሰምተን እንደምንቀመጥ ታውቃላችሁ። የዘንድሮው ግን እንደ ወትሮው አይደለም። ግማሹ ትምህርት ነው፤ ግማሹ ደግሞ የራሳችንን ጥፋት ለእናንተ የምንናገርበት ነው። ስለዚህ ትንሽ ቢረዝም እንድትታገሡን እንለምናለን። ቡናው እስኪፈላ እንጨርሳለን ብለን ለእናቶች ቃል ገብተናል።

እንደምታስታውሱት በ2016 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ በነበረው ስብሰባ ንዑስ ኮሚቴያችን ከዕድሩ ገንዘብ አንድ የቁም ሚዛን አስገዝቶ፣ በዕድር ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀለም ሜትር አሥምሮ፣ አባላቱን አንድ በአንድ መዘነ። ሐሳቡ በጎ ነበር። ሞት ከመጣ በኋላ ድንኳን ከመትከል፣ ሞት ሳይመጣ ጤናን መጠበቅ ይሻላል ብለን ነው። ያኔ የተጠቀምንበት ዘዴ በፈረንጆቹ ፊደል አጠራር ቢ.ኤም.አይ. የሚባለው፣ በኛ ቋንቋ የክብደትና የቁመት ንጽጽር ልንለው የምንችለው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ኪሎን በቁመት ሜትር ማካፈል፣ የተገኘውን እንደገና በቁመት ማካፈል። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ72፣ ክብደቱ 64 ኪሎ የሆነ ሰው ሒሳቡ 21.6 ይመጣለታል። ከ18.5 በታች ከሲታ፣ ከ18.5 እስከ 25 ደኅና፣ ከ25 እስከ 30 ከልክ ያለፈ፣ ከ30 በላይ ወፍራም ይባላል። እኛም ይህን ይዘን ለደኅናው አረንጓዴ ካርድ፣ ለከሳውና በመጠኑ ላለፈው ቢጫ፣ ለወፍራሙ ቀይ ካርድ አደልን። ሰው ሲስቅ፣ ሲቀላለድ ዋለ። እኛም ትልቅ ሥራ የሠራን መስሎን ደስ ብሎን ወደየቤታችን ገባን።

አሁን ስለ ሁለት ሰዎች እንናገራለን።

የመጀመሪያው ባለፈው ዓመት በጥር የቀበርነው ወንድማችን ነው። ባለቤቱ ታሪኩን እንድንናገር ፈቅዳልናለች፤ ስሙን ሁላችሁም ስለምታውቁት በወረቀት ላይ ማስፈር አላስፈለገም። ያ 21.6 የእርሱ ቁጥር ነበር። ቀጥ ያለ፣ ሸንቃጣ፣ በስልሳ ዓመቱ ከመገናኛ እስከዚህ በእግሩ የሚመጣ ሰው። አረንጓዴ ካርድ ሰጠነው። ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመው ነበርና ባለቤቱ ጤና ጣቢያ ሄደህ ደም ግፊትህን ተለካ እያለች ብትወተውተው፣ ካርዱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ «ዕድሩ ጤነኛ ነህ ብሎኛል እኮ» ይላት ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ወደቀ፤ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ሐኪሞቹ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል፣ ደም ግፊቱ ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ሳይታወቅ ኖሯል አሉ። በሠልስቱ ቀን ባለቤቱ ካርዱን አምጥታ ለጸሐፊያችን ሰጠችው። ምንም አልተናገረችም። ካርዱ አሁንም በዕድሩ መዝገብ ውስጥ ተጣብቆ ይገኛል።

ሁለተኛዋ በሕይወት ያለች እናታችን ናት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ56፣ ክብደቷ 76 ኪሎ። ሒሳቡ 31.2 ስለሆነ ቀይ ካርድ በሰው ፊት ሰጠናት። እርሷ በወጣትነቷ ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ እየወረደች ልጆቿን ያሳደገች ናት። እንጨት ተሸካሚዎቹን ያየ ያውቀዋል፤ ሸክሙ የተሸካሚዋን ያህል ሊመዝን ምንም አይቀረው። ያ ሁሉ ዓመት የተሠራ አጥንትና ጡንቻ ለሚዛኑ ያው ኪሎ ነው። ካርዱን ከተቀበለች በኋላ ቁርስ ተወች፤ ከዚያ እራት ተወች። በመጨረሻም ለቅሶ ቤት ወጥ ስትሠራ ራሷን ስታ ወደቀች። ስትመረመር ደም ግፊቷ ደኅና፣ ስኳሯ ደኅና፤ የተገኘባት ደም ማነስ ነው። ከዚያ ወዲህ ከድስቱ አጠገብ አላየናትም። መዋጮዋን በልጇ ትልካለች።

እንግዲህ ጤነኛ ነህ ያልነው ሞተ፤ በሽተኛ ነሽ ያልናት እኛው አሳመምናት። ይህ ከሆነ በኋላ ተቀምጠን ያንን ቁጥር ማን አወጣው፣ ለምን አወጣው ብለን መጠየቅ ጀመርን። መጠየቅ የነበረብን ሚዛኑ ከመገዛቱ በፊት ነበር፤ ይህን እናምናለን።

ዘዴውን ያወጣው ሐኪም አይደለም። አዶልፍ ኬትሌ የሚባል በ1796 እ.ኤ.አ. የተወለደ የቤልጂግ ሰው ነው፤ የሒሳብና የከዋክብት ተመራማሪ ነበር። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራው ሥራ የብዙ ሰዎችን ልክ ሰብስቦ «አማካይ ሰው» ምን ይመስላል የሚለውን መፈለግ ነበር። ያገኘውም ያደጉ ሰዎች ክብደት ከቁመታቸው ጋር ሲነጻጸር፣ ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ እንደሚጨምር ነው። ስለ በሽታ አልጠየቀም። ስለ አንድ የተወሰነ ሰውም አልጠየቀም። የርሱ ነገር ሕዝብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1972 እ.ኤ.አ. አንሰል ኪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከጓደኞቹ ጋር ቢ.ኤም.አይ. የሚለውን ስም አወጣለት። የመዘኗቸው ሰዎች ከአሜሪካ፣ ከፊንላንድ፣ ከጣልያን፣ ከጃፓንና ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ነበሩ፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ሴት አልነበረችበትም። ከኛም አገር አንድ ሰው አልነበረበትም። መለያ ወሰኑም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። በአሜሪካ እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ድረስ ከልክ ያለፈ የሚባለው ለወንድ ከ27.8፣ ለሴት ከ27.3 በላይ የሆነ ነበር። በዚያ ዓመት ወሰኑን ወደ 25 ሲያወርዱት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ጤነኛ ሆነው ተኝተው ከልክ ያለፉ ሆነው ነቁ። አንድ ግራም ሳይጨምሩ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመን ግን ሚዛኑ ምን እንደሚመዝን አለማወቃችን ነው። ሚዛን አጥንትን፣ ጡንቻን፣ ውኃን፣ ስብን፣ የበላነውን እንጀራ ጭምር አንድ ላይ አድርጎ ይመዝናል። የትኛው ምን ያህል እንደሆነ አይለይም። ስቡ የት እንደተቀመጠ ደግሞ ጨርሶ አያውቅም። በዳሌና በጭን ላይ ያለ ስብ ያን ያህል ጉዳት የለውም፤ በሆድ ዕቃ መካከል፣ በጉበት ዙሪያ የሚከማቸው ነው ስኳርና የልብ በሽታ የሚያመጣው። ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው ደክሞ ሰውነታቸው ውኃ የቋጠረ በሽተኞችም ሚዛን ላይ ቢወጡ «ወፍረዋል» ይባላሉ።

እስቲ ወደ አካባቢያችን እንምጣ። በመናኸሪያችን ከደብረ ብርሃንና ከደሴ በኩል ከሚመጣው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጆንያ የሚያወርደውን ወዛደር ተመልከቱ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ68፣ ክብደቱ 78 ኪሎ ቢሆን ሒሳቡ 27.6 ነው፤ በኛ ካርድ ቢጫ። ሆዱን ብትነኩት ግን እንደ ድንጋይ ነው። በሌላ በኩል ከኛ በላይ በእንጦጦ ጫካ ውስጥ ገና ሳይነጋ የሚሮጡት ልጆች አሉ። ከነርሱ አንዱ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቱ 52 ኪሎ ቢሆን 18 ይሆናል፤ ከሲታ ነው፣ ቢጫ ካርድ ይገባዋል። ሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ዳገት ሮጦ የሚወጣውን ልጅ እኛ «ምግብ ጨምር» ልንለው ነው። ወዛደሩንና ሯጩን አንድ ዓይነት ቀለም ከሰጠ ካርድ ምን ትምህርት ይገኛል?

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «እሺ፣ ይህ ለጉልበተኛና ለሯጭ ነው፤ ለተራው ሰውስ?» ትሉ ይሆናል። እኛም እንዲሁ ብለን ነበር። ለተራው ኢትዮጵያዊ ግን ነገሩ ይብሳል እንጂ አይሻልም።

በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ ደረንበርግ የተባለ የሆላንድ ተመራማሪና ጓደኞቹ ያዘጋጁት፣ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ልኬቶችን አሰባስቦ አነጻጽሯል። ኢትዮጵያውያንም ነበሩበት። የተገኘው ውጤት የሚያስደነግጥ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊና አንድ አውሮፓዊ በዕድሜና በፆታ እኩል ሆነው በሰውነታቸው ውስጥ ያለው የስብ መጠን እኩል ቢሆን፣ የኢትዮጵያዊው ቢ.ኤም.አይ. በ4.6 ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት አውሮፓዊው 30 ደርሶ ወፍራም ሲባል፣ ያንኑ ያህል ስብ የተሸከመው ኢትዮጵያዊ ገና 25.4 ላይ ነው። ቀጭን መስሎ ስቡን በውስጡ ይዟል። በ2018 እ.ኤ.አ. በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ላይ ተደርጎ የታተመ ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል። ብዙ ስብ ያለውን ሰው ለመለየት ለወንዶች 22.2፣ ለሴቶች 24.5 ገደማ የተሻለ ወሰን ሆኖ አግኝተውታል። እንግዲህ በዚያ ሒሳብ ከሄድን አረንጓዴ ካርድ ከሰጠናቸው ወንዶች ብዙዎቹ አረንጓዴ ባልተገባቸው ነበር።

ይህ የኛ ብቻ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2004 እ.ኤ.አ. የእስያ ሰዎች ከ23 ጀምረው ጥንቃቄ ቢያደርጉ ይበጃል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። በዚያው ዓመት ያጅኒክ የተባሉ ሕንዳዊና ዩድኪን የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪሞች ጎን ለጎን ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። ሁለቱም ሰዎች ቀጫጭን ናቸው። የሁለቱም ቢ.ኤም.አይ. 22.3 ነው፤ ልክ እኩል። ስባቸው ሲለካ ግን የእንግሊዛዊው ከመቶ 9.1፣ የሕንዳዊው ከመቶ 21.2 ሆነ። ሐኪሞች በራሳቸው ገላ እንዲህ ሲመሰክሩ ደስ ይላል፤ ጥናት ሁሉ እንዲህ ቢታተም እኛም በቀላሉ በተረዳነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ የጎንደሩ ነገር አለ። በጎንደር ሆስፒታል የስኳር ሕክምና ሲሰጡ የኖሩ ሐኪሞች ከገጠር የሚመጡላቸው በሽተኞች በመጽሐፍ ላይ እንደተጻፈው ወፍራምና ባለጸጋ ሳይሆኑ፣ ድሃ፣ ከሲታ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ገበሬዎች መሆናቸውን ሲመለከቱ ኖረዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ አለ ወይስ የለም የሚለው ክርክር እንደገና ይከፈት ብለው ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በሽታ በ1985 እ.ኤ.አ. በዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሰርዞት ነበር። አሁን ግን በ2017 ዓ.ም. ባንኮክ ላይ በተደረገው ጉባኤ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን አምስተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ብሎ ተቀብሎታል። የጎንደር ገበሬ በሽታ ስም እስኪያገኝ ይህን ያህል ጊዜ ፈጀ። «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» እያልን የምንቀልድ ሁሉ ቀልዱን ብንተወው ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላም አለ። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ወይም ወላጆቻችን ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ የመጣን ነን። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በማኅፀን የነበሩ ወይም ሕፃናት የነበሩ ልጆች ዛሬ አርባ ዓመታቸው ነው። በሰሜን ወሎ በራያ ቆቦ ወረዳ በነዚህ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሉ። ረሃቡ በማኅፀን ያገኛቸው ሰዎች ቁመታቸው ከሌላው አጠር ብሎ፣ ደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የሆድ ስብ ተደራርበው የሚገኙባቸው ሆነው ተገኝተዋል። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት በእናቱ ሆድ የተራበ ልጅ ቆሽቱና ኩላሊቱ ተሟልተው አያድጉም፣ ሰውነቱም ያገኘውን ሁሉ ማጠራቀምን ይለምዳል የሚል ነው። በኋላ ከተማ ገብቶ ዘይትና ስኳር ሲያገኝ ያ ትንሽ ቆሽት አይችለውም። ሚዛኑ ይህን ታሪክ ከየት አምጥቶ ያነባል? ይህን የምታውቀው ያን ዘመን ያሳለፈች እናት ናት እንጂ ሚዛን አይደለም።

አንድ ተጨማሪ ሒሳብ እንሥራ፤ ይህን ጸሐፊያችን ነው ያሰላው። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ተላላፊ ስላልሆኑ በሽታዎች በተደረገው ጥናት ከመቶ ጎልማሶች 16 ያህሉ ደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር። ክብደታቸው ከልክ ያለፈው ወይም የወፈሩት ግን ከመቶ 6 ያህሉ ብቻ ናቸው። እንበልና ወፍራሞቹ ስድስቱም ደም ግፊት አለባቸው። የቀሩት አሥሩ ከየት መጡ? ካልወፈሩት ነዋ! ወንድማችን ከነዚያ አንዱ ነበር።

እዚህ ላይ ተጠንቅቃችሁ ስሙን። ውፍረት ምንም አይደለም፣ ዝም ብላችሁ ብሉ እያልን አይደለም። ቦርጭ የምቾት ምልክት ነው የሚለው የድሮ አነጋገር ብዙ ሰው ገድሏል። ክብደት ሲበዛ ጉልበት ይጎዳል፣ እንቅልፍ ይታወካል፣ ስኳርና የልብ በሽታ ይቀርባል። እንዲያውም ከላይ ያነሣነው ጥናት ኢትዮጵያዊ ከአውሮፓዊ ቀድሞ መጠንቀቅ አለበት ነው የሚለው። እኛ የምንለው አንድን ሰው በዚያ ቁጥር ብቻ ታመምህ ወይም ዳንህ ማለት አይገባም ነው። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰባሰቡ 56 ሊቃውንት ያወጡት ሪፖርትም ይህንኑ ይላል። ቢ.ኤም.አይ. የሕዝብን ሁኔታ ለመቃኘትና ማን ይመርመር ለማለት ይጠቅማል፤ የአንድን ሰው ጤና ለመወሰን ግን ብቻውን አይበቃም ብለዋል።

በንዑስ ኮሚቴያችን ውስጥ በዚህ ጉዳይ ክርክር ነበር። ከመካከላችን ሁለቱ ሚዛኑ ይሸጥ፣ ገንዘቡ ወደ ካዝና ይመለስ አሉ። አንዷ እኅታችን ግን ተቃወመች። እርሷ በአንድ ጤና ተቋም ለብዙ ዓመት የሠራች ናት። «የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የተመጣጠነ ምግብ ሲታዘዝላቸው በዚሁ ቁጥር ነበር፤ ከ18.5 በታች የሆነው እየተለየ ስንቱ ተርፏል። የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛም መዳኑን ከምናውቅበት አንዱ ኪሎው መጨመሩ ነው። ሚዛኑ አልዋሸም፤ የዋሸው ካርዱ ነው» አለች። ልክ ናት። በአገር ደረጃም ቢሆን እንዲሁ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ከመቶ የአገራችን ሴቶች 30 ያህሉ ከሲታ ነበሩ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ 22 ወርዷል። ይህን ያወቅነው በዚሁ ዘዴ ነው። ስለ ብዙ ሺህ ሴት ሲነገር ስሕተቱ ይቻቻላል፤ የአንዷ መብዛት የሌላዋን ማነስ ያካክሳል። ለአንዲት ሴት ሲሆን ግን የሚያካክስላት የለም።

ስለዚህ ሚዛኑ በዕድር ቤቱ ይቆይ ብለናል። ነገር ግን ሰውን ከሌላ ሰው ጋር ለማስተያየት ሳይሆን፣ ሰው ራሱን ከራሱ ጋር እንዲያስተያይበት ነው። ባለፈው ዓመት 70 የነበረ ሰው ዘንድሮ ሳያስበው 61 ቢሆን፣ «ተስተካከለ፣ አማረበት» ማለት አይገባም። ያ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ። በስድስት ወር ውስጥ ወገቡ ቀበቶ አልበቃ ያለውም እንዲሁ።

የወገብ ነገር ከተነሣ፣ ዘንድሮ ያገኘነው ቀላል ዘዴ አለ፤ ሚዛንም ሜትርም አያስፈልገውም። የእንግሊዝ አገር የጤና መመሪያ አውጪ ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለጎልማሶች የሰጠው ምክር ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ አይብለጥ የሚል ነው። እናቶቻችን ደግሞ ለዚህ የሚሆን ዕቃ ሁልጊዜ አላቸው። ክር ወይም የማይለጠጥ ገመድ ወስዶ ከተረከዝ እስከ አናት መለካትና መቁረጥ፤ ከዚያ ሁለት ላይ ማጠፍ። የታጠፈው ገመድ በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ልብስ ሳይደራረብ፣ ትንፋሽን አውጥቶ፣ ሆድን ሳይስቡ ወገብን ዞሮ ከተጋጠመ ደኅና ነው። ካልደረሰ ስብ በሆድ ዕቃ መካከል እየተጠራቀመ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ለነፍሰ ጡርና ሆዱ ውኃ ለቋጠረ ሰው አይሆንም። ወንዶች ሱሪያቸውን ከቦርጭ በታች አስረው «ወገቤ ያው ነው» የሚሉት ነገር አለ፤ እርሱ አይቆጠርም። ከኮሚቴያችን አንዱ አባል በዚህ ገመድ ሲለካ አራት ጣት ያህል ጎድሎበታል። ማን እንደሆነ አንናገርም፤ አሁን እያነበበላችሁ ያለው ነው።

ገመዱም ቢሆን ግን ደም ግፊትን አያይም። ወንድማችንን በገመድ ብንለካው ገመዱ ዞሮ ይተርፈው ነበር። ደም ግፊት በደም ግፊት መለኪያ ነው የሚታወቀው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ላይኛው 140 ወይም ታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያየ ቀን ሲደጋገም በሽታ ነው፤ ሰውየው ምንም ሳያመው ማለት ነው። ስኳርም ምግብ ሳይበላ በጠዋት ተለክቶ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተደገመ ስኳር ነው፤ ሰውየው እንደ ሸምበቆ ቢቀጥንም።

አሁን ወደ ውሳኔዎቻችን እንለፍ።

አንደኛ፣ በ2016 ዓ.ም. የታደሉት ካርዶች በሙሉ ይመለሱልን። አረንጓዴዎቹም፣ ቢጫዎቹም፣ ቀዮቹም። በተለይ አረንጓዴ የያዛችሁ። በቦርሳ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ በቁም ሳጥን ላይ የለጠፋችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ለጸሐፊው ስጡት፤ በስማችሁ ላይ ምልክት ያደርጋል።

ሁለተኛ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ ሁሉ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ አባል ደም ግፊቱን ይለካል። መለኪያውን ገዝተናል፤ ሁለት ጡረታ የወጡ ነርስ እኅቶቻችን በነፃ ሊለኩ ፈቅደዋል። ልኬቱ ከመጋረጃው ጀርባ ይሆናል። ቁጥሩ ለባለቤቱ ብቻ ይነገራል እንጂ ጮክ ተብሎ አይጠራም፤ ቀለምም አይሰጠውም። ከፍ ያለበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው ወረቀት ይጻፍለታል፤ የሚሸኘው ከሌለ ዕድሩ ሰው ይመድብለታል።

ሦስተኛ፣ ሦስት ሆነን ባለፈው ሳምንት ወደዚያች እናታችን ቤት ሄደን ነበር። ይቅርታ ጠየቅናት። ቡና አፈላችልን፤ ዳቦም ቆረሰችልን። ስለ ካርዱ ስናነሣ ግን ተነሥታ ከሰል ልትጨምር ወጣች፤ እስክንሄድም ስለዚያ አላወራችም። በመጪው ወር የምንተክለው ድንኳን ካለ ትመጣ እንደሆን ጠይቀናት «እናያለን» ብላናለች። እናቶች፣ በመንገድ ስታገኟት ስለ ኪሎ አታንሡባት። ወጡ ያለ እርሷ አልጣፈጠም በሏት፤ ይህ ደግሞ እውነት ነው።

ሚዛኑ ከጓዳው በስተ ግራ ተቀምጧል፤ ቁልፉ ጸሐፊው ዘንድ ነው። ገመድ ለምትፈልጉ በር ላይ ጥቅል አስቀምጠናል፤ መቀሱን ግን ይዛችሁ አትሂዱ።



የጤና ንዑስ ኮሚቴ፣ ላምበረት፣ 2018 ዓ.ም.